ሰባት ዓመት ተዘግታ ስለኖረች አንዲት መስመር

ለክቡር የጤና ጣቢያዎች የመረጃ ቴክኖሎጂ መምሪያ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ነው? ቤተሰብዎ፣ ምክትልዎ፣ እንዲሁም በርዎ ላይ ሆነው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚሉን ትጉህ ጸሐፊዎ ሁሉ ደህና ይሆኑ ዘንድ ምኞቴ ነው። ጤናዎን የጠየቅሁት ለወግ ያህል ብቻ እንዳይመስልዎ። እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝና የሰው ጤና ግድ ይለኛል፤ ደግሞም እርስዎ ታመው ወደ እኛ የመጡ እንደሆነ የምርመራ ውጤትዎ በምን መንገድ እንደሚያልፍ አሳምሬ ስለማውቅ፣ እባክዎን አይታመሙ።

ይህን ደብዳቤ ለሚያነብ ሁሉ በግልጽ የጻፍሁት ድፍረት ይዞኝ አይደለም። ለብቻዎ የጻፍኋቸው ስድስት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙና እርስዎም በሥራ ብዛት ጊዜ እንደሚያጥርዎ ስለተረዳሁ፣ ምናልባት ከአንባቢ አንዱ አግኝቶ ያነብልዎት ይሆናል በሚል ተስፋ ነው።

የምሠራበት ጤና ጣቢያ በአንድ መንገድ ለሁለት የተከፈለ ነው። ከመንገዱ ወዲህ እኔና ማይክሮስኮፔ ያለንበት ባለ ሁለት ክፍል አሮጌ ቤት አለ፤ ከመንገዱ ወዲያ ሐኪሞቹ የሚቀመጡበት ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል። አስፋልቱን ቆፍሮ ኬብል መቅበር ስላልተፈቀደ፣ የሰው ደምና አክታ ተመርምሮ የሚገኘው ውጤት ከእኔ ወደ ሐኪሞቹ ክፍል ማተሚያ የሚሻገረው በአየር፣ በሽቦ አልባው መስመር ነው። ኮምፒውተሬ አንድ ናት። ዕድሜዋን ለመግለጽ ያህል፣ ቁልፏን ተጭኜ፣ ጋውኔን ለብሼ፣ እጄን ታጥቤ፣ መስኮቶቹን ከፍቼ ስመለስ እሷ ገና «እንኳን ደህና መጡ» ለማለት ጉሮሮዋን እየጠራረገች ነው።

እንግዲህ ምስጋናዎቼን በቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ. ከሁሉ በፊት ስለ ድራይቨሩ አመሰግናለሁ። መምሪያዎ ከሰባት ዓመት በፊት አንድ በነፃ የሚገኝ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ወስዶ፣ ቀንሶና ጨምሮ፣ የራሱን ማኅተም አሳርፎ በየጤና ጣቢያው ኮምፒውተር ላይ መጫኑ ይታወሳል። በዚህ ሲስተም ውስጥ ኮምፒውተሩን ከሽቦ አልባው ካርድ ጋር የምታነጋግር ድራይቨር የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች። በድራይቨሯ ውስጥ ደግሞ የይለፍ ቃል ተቀብላ በአየር የሚያልፈውን ነገር ሌላ ሰው እንዳያነበው የምትቆልፍ ክፍል አለች። ይህች ክፍል ተጽፋ አልቃለች። ነገር ግን አትሠራም፤ ምክንያቱም በአንዲት የፕሮግራሟ መስመር መጨረሻ ላይ «አንድ» መሆን ሲገባው «ዜሮ» ተጽፎባታል። ከመስመሯ ጎን የጻፋት ሰው በራሱ ቃል «ለጊዜው ተዘግቷል፤ ከሙከራው በኋላ ይከፈት» የሚል ማስታወሻ ትቶላታል። ያን ቀን የተወለደ ልጅ ዛሬ ፊደል ቆጥሮ ማስታወሻውን ራሱ ባነበበልን ነበር።

ይህን እንዴት አወቅህ ይሉኝ ይሆናል። የእርስዎው ባለ መነጽር መሐንዲስ የተበላሸ ማውስ ሊቀይርልኝ በመጣ ጊዜ ነው መስመሯን ከፍቶ ያሳየኝ። ታዲያ ምነው አሁኑኑ አትቀይራትም ብዬ ብጠይቀው፣ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ፣ «ወንድሜ፣ ነክቼው አንድ ነገር ቢበላሽ ማን ነካው ይባላል፤ ሳልነካው ቢበላሽ ግን ማንም ማንንም አይጠይቅም» አለኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ማውሱንም በደንብ ቀይሮልኛል። በእርስዎ ቤት ለመኖር ምን እንደሚያስፈልግ በሚገባ የተማረ ሰው ነው፤ ለማስተማርዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፪ኛ. ባለፈው ዓመት «የሕመምተኛ ሚስጥር ክቡር ነው» የሚል ባለ ቀለም ፖስተር ልከው፣ ሽቦ አልባ መስመሮች ሁሉ በይለፍ ቃል እንዲቆለፉ ስላዘዙልን አመሰግናለሁ። ትእዛዙ ሸጋ ነበር። መስመሩ የተቆለፈ ዕለት የሐኪሞቹ አዳዲስ ኮምፒውተሮች የይለፍ ቃላቸውን ሰጥተው ገቡ፤ የእኔዋ አሮጊት ግን ያችን ዜሮ ተሸክማ ደጅ ቀረች። አራት ቀን ሙሉ ውጤቶቹን በፖስታ አሽጌ፣ ከጋውኔ ሥር ይዤ፣ ግራና ቀኝ አይቼ መንገድ እየተሻገርሁ በእጄ አደረስሁ። እውነቱን ለመናገር፣ በእነዚያ አራት ቀናት አንድም ውጤት አልጠፋም፣ አንድም ሰው ያልተፈቀደለትን አላነበበም፣ መኪናም አልገጨኝም። በአምስተኛው ቀን ግን በወረቀት ውጤት ማዘዋወር ከዘመናዊ አሠራር ጋር ስለሚጋጭ ባስቸኳይ እንዲቆም የሚል ጥብቅ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ቆመ። በምትኩም መምሪያዎ ለአሮጌ ኮምፒውተሮች ብሎ ቁልፍ የሌለው፣ ለመንገደኛ ሁሉ የተከፈተ ሁለተኛ መስመር ዘረጋልን።

ይህ መስመር ለሚስጥር አይበጅም ብዬ በጻፍሁ በሦስተኛው ሳምንት ፈጣን እርምጃ ተወስዷል። የመስመሩ ስም ተቀይሮ «ደህንነቱ የተጠበቀ» ተብሏል።

፫ኛ. «የድራይቨር ማሻሻያ መጠየቂያ ቅጽ» የተባለውን ስላዘጋጁልን አመሰግናለሁ። ቅጹ መሞላት ያለበት ችግሩ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ገጹ የሚከፈተው ደግሞ በተቆለፈው መስመር ውስጥ ብቻ ነው። ኮምፒውተሬ ወደተቆለፈው መስመር መግባት አልቻለችምና ትታረምልኝ ብዬ ስልክ ብደውል፣ ከመምሪያዎ ያነሳችው እመቤት በታላቅ ትሕትና፣ «ችግር የለም ጌታዬ፣ ወደተቆለፈው መስመር ይግቡና ቅጹን ይሙሉ» አለችኝ። መግባት አለመቻሌ ነው እኮ ችግሩ ብላት፣ «እሱንም ቅጹ ላይ ይግለጹት» አለችኝ። ደክሞኝ መንገዱን ተሻገርሁና ከሐኪሞቹ ኮምፒውተር በአንዱ ሞልቼ ላክሁት። ቅጹ መልስ የሰጠኝ በዚያው ደቂቃ ነው፤ ካገኘኋቸው መልሶች ሁሉ ፈጣኑ እሱ ነበር። «ይህ ኮምፒውተር ተመርምሮ ምንም ችግር አልተገኘበትም» ይላል። ከዚያ በኋላ ነው ስድስቱን ደብዳቤዎች የጻፍሁት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ያሉት አበው ምን ዓይነት ቢሮ ደጅ ጠንተው እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

፬ኛ. አሁን ወደምተርከው ነገር ስደርስ፣ ክቡር ሆይ፣ የምስጋና ቃል ብፈልግ አጣሁ፤ ቁጥሩ ብቻ ይኑር።

ከእኛ ላቦራቶሪ አጠገብ የፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ባለቤቱን ሰፈሩ ጋሽ ቶነር ነው የሚላቸው፤ ሌላ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ጋሽ ቶነር ቁልፍ የሌለው መስመር በግድግዳቸው በኩል ሲያልፍ ባገኙት ጊዜ፣ ስሙም «ደህንነቱ የተጠበቀ» ስለሚል እምነት አድሮባቸው፣ አዲሱን ማተሚያቸውን ከመስመሩ ጋር አገናኙት። በጎ ሰው ናቸው፤ ክፋት አላሰቡም። የእኔ ኮምፒውተር ደግሞ በእርስዎ መሐንዲሶች እንደተዘጋጀችው፣ የሐኪሞቹ ማተሚያ ጠፍቶ ካገኘችው ዝም ብላ አትቀመጥም፤ በመስመሩ ላይ ያለ ሌላ ማተሚያ ፈልጋ ወደዚያ ትልካለች። ያን ማክሰኞ ጠዋት የሐኪሞቹ ማተሚያ ቀለም ጨርሶ ተዘግቶ ነበር።

አሥራ አንድ የምርመራ ውጤት፣ ስምና ዕድሜ የሰፈረባቸው፣ አንድ በአንድ በጋሽ ቶነር ማተሚያ ወጡ። ጊዜው የትምህርት ምዝገባ ሰሞን ስለነበር ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ጋሽ ቶነር ነገሩ ሲገባቸው ወረቀቶቹን ሰብስበው፣ እንዳይበታተኑ በስቴፕለር አያይዘው፣ በፖስታ ከተው ሮጠው አመጡልኝ፤ «ልጄ፣ እኔ አንዱንም አላነበብሁ፣ መነጽሬን ቤት ረስቼ ነው የመጣሁት» ብለው ማሉልኝ። አመንኋቸው። ፖስታው ውስጥ የነበሩት ግን አሥር ነበሩ። አሥራ አንደኛውን ወረፋ ላይ የነበሩ አንዲት ሴት የራሳቸው የምዝገባ ቅጽ መስሏቸው አንስተውታል። እኒህ ሴት እዚያው ሰፈር ያለው የሕፃናት ማቆያ ዲሬክተር ናቸው። ወረቀቱም በማቆያው ስድስት ዓመት በሞግዚትነት የሠራች የአንዲት ሴት ውጤት ነበር።

ሴቲቱ ታናሽ እህቴ ናት።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን እንድጽፍ እህቴ ፈቅዳልኛለች፤ «ጻፈው፣ ያልሰማ ካለ እሱም ይስማ» ነው ያለችኝ። ሁለት ሳምንት ስላስላት እኔው ነበርሁ እንድትመረመር የጨቀጨቅኋት። እኛ ጋ ሌላ የላቦራቶሪ ሰው የለምና ናሙናዋን ያየሁትም እኔው ነኝ። የሳንባ ነቀርሳ የሚያስጠረጥር ነገር አየሁ። እርግጠኛ የሚያደርግ አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ አየሁት፣ የማይክሮስኮፑን መስታወት ጠርጌ ሦስተኛ አየሁት፣ ከዚያ ሕጉ በሚያዘው መሠረት «ጥርጣሬ አለ፤ በማረጋገጫ ምርመራ ይጣራ» ብዬ ጻፍሁ፤ ፈረምሁ። ሕጉ በተጨማሪ ውጤቱን ለታማሚዋ የምትነግረው ሐኪሟ ናት ይላል፤ አስቀምጣ፣ መጠርጠር ማለት መታመም እንዳልሆነ አስረድታ፣ ቢሆንም እንኳ የሚድን መሆኑን ነግራ። ትክክለኛ ሕግ ነው። ያን ጠዋት ስልኬን ሦስት ጊዜ አንስቼ ሦስት ጊዜ መልሼ አስቀመጥሁ። የእናቴን ልጅ ሚስጥር ከእናቴ ልጅ ደበቅሁ፤ የሙያ አደራ ነዋ። ከዚያም «ላክ» የሚለውን በገዛ ጣቴ ተጫንሁ።

ከምሳ በፊት ደወለችልኝ። ዲሬክተሯ ወረቀቱን አሳይተው ወደ ቤትሽ ሂጂ ብለዋታል፤ በዚያች ሰዓትም ወሬውን የሰሙ አሥራ አራት ወላጆች ልጆቻቸውን ወስደዋል። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «ጋሼ፣ አንተ ታውቅ ነበር?» አለችኝ። አውቅ ነበር አልኋት። ስልኩን አልዘጋችውም፤ እኔም አልዘጋሁትም። ሌላ ጊዜ ስትደውልልኝ ከጀርባዋ የሕፃናት ጫጫታ ንግግሯን ለመስማት ያስቸግረኝ ነበር፤ ያን ዕለት ትንፋሿ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት በሙያዬ ስሠራ እንደዚያች ቀን ምንም ማድረግ የማልችል ሰው ሆኜ አላውቅም።

በዲሬክተሯ አልፈርድም፤ የሰው ልጆች አደራ አለባቸው። በጋሽ ቶነርም አልፈርድም። የሚፈረድበት ሰው ብፈልግ ብፈልግ አንዲት ዜሮ ብቻ አገኘሁ፤ ዜሮ ደግሞ አትከሰስም።

፭ኛ. ከዚያ በኋላ ስለወሰዷቸው እርምጃዎች አመሰግናለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ነገሩ ከሆነ በኋላ ሁለት ደብዳቤዎች ከመምሪያዎ ወጥተዋል። አንደኛው ለጋሽ ቶነር የተጻፈ ሲሆን፣ ማተሚያቸውን ደህንነቱ ከተጠበቀው መስመር ላይ ባስቸኳይ እንዲያነሱ ያዛል፤ አንስተዋል። ሁለተኛው ለእኔ ነው። አልክድም፣ እህቴ የደወለችልኝ ዕለት ኮምፒውተሬን ከፍቼ፣ ባለ መነጽሩ መሐንዲስ ያሳየኝን መስመር ፈልጌ፣ ዜሮዋን አጥፍቼ አንድ ጽፌባታለሁ። ኮምፒውተሯ ጠፍታ በራች። የይለፍ ቃል ጠየቀችኝ፤ ክቡር ሆይ፣ ያቺ አሮጊት ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልፍህን አሳየኝ አለችኝ። አሳየኋት። ወደተቆለፈው መስመር ገባች። ዘጠኝ ቀን ያለ አንዳች እንከን ሠራች። በአሥረኛው ቀን ከመምሪያዎ በየወሩ የሚመጣው ማሻሻያ ደርሶ ራሱን ጫነ፤ ያችን አንድ መልሶ ዜሮ አደረጋት። በማግሥቱም «የደህንነት ቅንብርን ያለ ፈቃድ ስለ መነካካት» የሚል የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ከእንግዲህ ብነካ ከሥራ እሰናበታለሁ። እኔ ከተሰናበትሁ ላቦራቶሪው ይዘጋል፤ ላቦራቶሪው ከተዘጋ የሰፈሩ ሰው አክታውን ይዞ ወዴት ይሄዳል? ስለዚህ አልነካሁም። ተሸነፍሁ።

ይህን በምጽፍበት ሰዓት ዜሮዋ በቦታዋ አለች። በየቀኑ ሃያና ሠላሳ የሰው ሚስጥር በዚያ ክፍት መስመር እልካለሁ፤ ባልልክ ሐኪሙ መድኃኒት አያዝም፣ ብልክ ማን እንደሚያነበው አላውቅም። «ላክ» ከማለቴ በፊት ወደ ሐኪሞቹ ክፍል ደውዬ ማተሚያችሁ በርቷል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ፤ መቼም ሰልችቻቸዋለሁ። ሌላ የማውቀው ጥንቃቄ የለኝም።

የምለምንዎ ነገር ትንሽ ናት፤ በትንሽነቷም አፍራለሁ። አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ፣ ያችን ዜሮ አንድ ያድርግልን፤ በየወሩ በሚመጣውም ማሻሻያ ውስጥ አንድ ሆና ትቀመጥ። ጥናት አያስፈልጋትም፣ ኮሚቴ አያስፈልጋትም፤ እኔ በምሳ ሰዓቴ አድርጌው ቡናዬ አልቀዘቀዘም ነበር። ኮሚቴ ግዴታ ከሆነም ይቋቋም፤ እስከዚያው ድረስ ግን ወረቀት በእጄ ይዤ መንገድ እንድሻገር ይፈቀድልኝ። ፖስታው አለኝ፣ እግሬም ገና ደህና ነው።

ላሳለፍኋቸው ሰባት የትዕግሥት ዓመታት፣ ላገኘኋቸው ሁለት ማስጠንቀቂያዎችና ለአንዲት ባለ ቀለም ፖስተር ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያመሰገንሁ፣ የመምሪያዎን ሚስጥር ከአየር ላይ የሚነጥቅ እንዳይኖር፣ ስብሰባዎችዎም በሰላም ተጀምረው በሰላም እንዲያልቁ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ከመንገዱ ወዲህ ያለው የላቦራቶሪ ባለሙያ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የእህቴ የማረጋገጫ ምርመራ ውጤት በስድስተኛው ሳምንት ደርሷል። ነፃ ናት፤ በሽታው የለባትም፣ ሳሏም ከጠፋ ሰንብቷል። ይህ ሁለተኛው ውጤት በተገቢው ማተሚያ፣ በተገቢው ክፍል ታትሞ፣ ከሐኪሟ በቀር ነፍስ ያለው ፍጥረት ሳያየው በፖስታ ታሽጎ በእጇ ገብቷል፤ ለዚህ ፍጹም የሚስጥር አጠባበቅዎ አድናቆቴን ልገልጽ እወዳለሁ። እህቴ ወረቀቱን ይዛ ወደ ማቆያው ሄዳ ነበር። ዲሬክተሯ አገላብጠው አይተው፣ «የመጀመሪያው በራሱ መጣ፤ ይሄን ግን ያመጣሽው አንቺ ነሽ» ብለው መለሱላት። ስለዚህ አንዲት የመጨረሻ ልመና አለችኝ፤ ለዚህች እንኳ ቅጽ አያስሞሉኝ። የጋሽ ቶነር ማተሚያ ለአንድ ጠዋት ብቻ፣ ሰው በሚበዛበት በሦስት ሰዓት ገደማ፣ ደህንነቱ ወደተጠበቀው መስመርዎ ይመለስልን። ሁለተኛውም ውጤት እንደ መጀመሪያው በራሱ ይምጣላቸው፤ ለማተሚያው ወረቀቱን እኔ አቀርባለሁ።